የአዋሽ ውሃ በሰኔ ወዴት ይሄዳል?

ጥያቄ፦ ከአሚባራ

የተከበራችሁ የዚህ መድረክ ተሳታፊዎች፣ ሰላምታዬ ይድረሳችሁ። እኔና ሁለት ወንድሞቼ ከመልካ ወረር በታች፣ አዋሽ ዳር በኪራይ በያዝነው 6 ሄክታር መሬት ላይ ጥጥ እናለማለን። መሬቱ ለም ነው፣ ፀሐዩም ለጥጥ ይስማማል፤ መከራችን ውሃው ነው።

ባለፈው ዓመት ግንቦት ማገባደጃ ላይ ዘርተን የመጀመሪያውን ውሃ በሚገባ አጠጣን። ሰኔ 9 ቀን ማለዳ ሞተሩን ስናስነሳ ግን ውሃ ሳይሆን አየር ይስብ ጀመር። ወርደን ብናይ ወንዙ ከመምጠጫው ቱቦ ጫፍ አንድ ክንድ ያህል ወርዶ፣ ቱቦው የነበረበት ቦታ የተሰነጠቀ ጭቃ ሆኗል። ጭቃውን ቆፍረን ቱቦውን ወደ መሐል አስረዘምነው፤ በሦስተኛው ቀን ውሃው ደግሞ ሸሸን። በዚያን ጊዜ ከእኛ በላይ ያለ አንድ ትልቅ እርሻ በሙሉ ቦዩ ያጠጣ እንደነበር ዓይናችን አይቷል። ብንጠይቅ «ተራው የእኛ ነው» ከማለት በቀር የሚያስረዳን አላገኘንም። ቡቃያው ከሁለት ሳምንት በላይ ተጠምቶ ሲሶው ጠፋ።

የተረፈው ጥጥ አበባ በያዘበት ወቅት፣ ነሐሴ 20 ሌሊት፣ ያው ወንዝ ዳርቻውን ሰብሮ ገባ። ሞተሩን በገመድ ጎትተን አወጣነው፤ ጥጡን ግን ማውጣት አይቻልምና 9 ቀን ውሃ ውስጥ ቆሞ ሥሩ ታፍኖ ቅጠሉ ረገፈ።

ስለዚህ የምታውቁ እንድታስረዱኝ በትሕትና እጠይቃለሁ። የአዋሽ ውሃ ከቀድሞው ቀንሷል ወይስ ተጠቃሚው በዝቶ ነው? ከላይ የቆቃ ግድብ እያለ በሰኔ የምንጠማው፣ በነሐሴ የምንሰምጠው ለምንድን ነው? በሰኔ የሚጠፋው ውሃስ ወዴት ይሄዳል? ዘንድሮ እንደገና ከመዝራታችን በፊት ነገሩን ከሥሩ መረዳት እንፈልጋለን።

የመጀመሪያ ምላሽ፦ ጡረታ የወጣ የውሃ ልኬት ባለሙያ

ወንድሜ፣ የደረሰባችሁን ጉዳት ሳነብ ከልብ አዝኛለሁ። በአዋሽ ዳር የወንዝ ከፍታ በማንበብና ፍሰት በመለካት ብዙ ዓመት ስለ ሠራሁ የማውቀውን በዝርዝር ልጻፍልህ።

አዋሽ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ ከጊንጪ አካባቢ ደጋ ተነሥቶ 1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከተጓዘ በኋላ፣ በኢትዮጵያና በጅቡቲ ድንበር ላይ ባለው አቤ ሐይቅ ያበቃል። ባሕር አይገባም። ደጋ የተወለደ፣ በረሃ የሚሞት ወንዝ ነው ማለት ይቻላል። በአንኮበር አካባቢ በዓመት 1,600 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ ሲጥል አሳይታ ላይ የሚጥለው 160 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ በዚያው ቆላ ግን ፀሐዩና ነፋሱ ከተከፈተ ውሃ ላይ በዓመት ከ2,000 ሚሊ ሜትር በላይ ማትነን ይችላሉ። ስለዚህ ወንዙ ከእናንተ አካባቢ ወደ ታች በሄደ ቁጥር፣ ማንም ባይነካው እንኳ፣ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል። አንድ ካሬ ኪሎ ሜትር የተኛ ውሃ 2 ሜትር ሲተን 2 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ማለት ነውና፣ በገዋኔ አካባቢ በገዳባሳ ረግረግ የሚተኛው ውሃ በትነት ምን ያህል እንደሚጎድል ከዚህ መገመት ትችላለህ።

የተፋሰሱ ጠቅላላ የገጸ ምድር ውሃ በዓመት 4.9 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ እንደሆነ ይነገራል። ይህ ቁጥር ለዓመቱ በእኩል ቢከፋፈል በሰከንድ 155 ሜትር ኩብ ገደማ ይወጣዋል፤ ሰዎችም ይህን ሲሰሙ «ታዲያ ምን ጎደለ?» ይላሉ። ነገር ግን ይህ ውሃ በአንድ ቦታና በአንድ ጊዜ አይገኝም። አቃቂ፣ ሞጆ፣ ከለታ፣ ከሰም፣ ከበና፣ ቦርከና፣ ሚሌ፣ ሎጊያ የመሳሰሉት ገባሮች በየቦታው የሚያመነጩት ተደምሮ ነው። አብዛኛውም የሚወርደው ከሐምሌ እስከ መስከረም ባሉት ሳምንታት ነው። በበልግ፣ በመጋቢትና በሚያዝያ፣ ትንሽ ከፍ ይልና በግንቦትና በሰኔ እንደገና ይወርዳል። ጥጡም ሸንኮራ አገዳውም አብዝቶ የሚጠማው በዚያው በግንቦትና በሰኔ ነው። የአንተ ሰኔ 9 በዓመቱ ከሚከብዱት ቀናት አንዱ ነበር።

አሁን ወደ ቆቃ ልምጣ። ግድቡ ከጣሊያን በተገኘ የጦር ካሳ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ1960 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ መጀመሪያ የታሰበው 43 ሜጋ ዋት ኤሌክትሪክ እንዲያመነጭ ነው። ከሱ በታች ያሉት አዋሽ ሁለትና አዋሽ ሦስት የተባሉት ጣቢያዎች ደግሞ እያንዳንዳቸው 32 ሜጋ ዋት የሚያመነጩት ከቆቃ በሚለቀቀው ውሃ ነው። ወንጂም፣ ኑራ ኢራም፣ መርቲም፣ መተሐራም፣ አሚባራም በበጋ የሚጠጡት ከዚሁ ልቀት ነው። ግድቡ ሲሠራ 1.85 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ይይዝ ነበር፤ ከላይ ያለው መሬት እየታጠበ የሚያመጣው ደለል ግን ከዚህ ሲሶ በላይ የሚሆነውን ወስዶበታል። ደለል የሚይዘው ቦታ የክረምቱ ውሃ ለበጋ የሚቀመጥበት ቦታ መሆኑን ልብ በል። ለግንቦትና ለሰኔ የሚቀረው ቁጠባ ከዓመት ዓመት የሳሳው በዋናነት በዚህ ነው።

ጎርፉን ለምን አይከለክልም ላልከው፣ ቆቃ ሊይዝ የሚችለው ከበላዩ የሚመጣውን ብቻ ነው። ከሰምና ከበና ከሰሜን ሸዋ ተራሮች በቀጥታ ወደ እናንተ ይወርዳሉ። ከሰም ላይ ቆየት ብሎ 500 ሚሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ የሚይዝ ግድብ ተሠርቷል፤ ሌሎቹ ወንዞች ግን ልጓም የላቸውም። ቆቃ ራሱ በነሐሴ አጋማሽ ከሞላም የመጣለትን ከማሳለፍ በቀር ምርጫ የለውም።

ስለ ተጠቃሚው ብዛት ጥቂት ሒሳብ እናድርግ። በእናንተ ሙቀት፣ በቦይ የሚጠጣ አንድ ሄክታር በቦዩ የሚሰርገው ተጨምሮበት በሰከንድ አንድ ሊትር ያህል ይፈልጋል ብለን እንያዝ። የመተሐራ አገዳ ብቻውን 10,000 ሄክታር ገደማ ነውና በሰከንድ 10 ሜትር ኩብ ይወስዳል። ወንዙ በድርቅ ቀናት የሚኖረው ፍሰት ወደዚህ ቁጥር ሲጠጋ፣ ከታች ያለው ሰው የሚያገኘው ከላይኛው እርሻ ማሳ ተንጠፍጥፎ የሚመለሰውን ብቻ ይሆናል። የእናንተ 6 ሄክታር በሰከንድ 6 ሊትር ነው፤ ይህን ለማግኘት ወንዙ ትልቅ መሆን አይጠበቅበትም፤ ከላያችሁ ያሉት ሁሉ በአንድ ቀን አለመክፈታቸው ይበቃል።

አንድ ሌላ ነገር ግን እንዳትዘነጋ። እኔ ከወንዝ ዳር የተተከለውን ባለ ቁጥር ሰሌዳ ጠዋት በ12 ሰዓትና ማታ በ12 ሰዓት አነብ ነበር። አንድ ክረምት ካለፈ በኋላ ሰሌዳው ልክ እንደ ዓምናው «አንድ ሜትር ከሃያ» ይላል፤ በገመድ ተሻግረን ስንለካው ግን ፍሰቱ ከዓምናው ሌላ ሆኖ እናገኘዋለን፤ ጎርፉ የወንዙን ወለል በአንድ በኩል ቆፍሮ በሌላው በኩል ሞልቶታልና። ስለዚህ ቱቦህ ጭቃ ላይ የቀረው የውሃው መጠን ስላነሰ ብቻ ላይሆን ይችላል፤ ወንዙ ሰርጡን ወደ ማዶ ዳር አዙሮ ይሆናል። ዘንድሮ ቱቦውን ከመዘርጋታችሁ በፊት በረጅም እንጨት ከዳር እስከ ዳር ጥልቀቱን ለኩት።

ሁለተኛ ምላሽ፦ ከአሳይታ

ባለሙያው የጻፉትን በአክብሮት አንብቤአለሁ፤ ስለ ቆቃም ስለ ደለሉም የተናገሩት ልክ ነው። ሆኖም «ማንም ባይነካው እንኳ በራሱ እየቀነሰ ይሄዳል» ሲሉና ረግረጉ የሚያተነውን እንደ ጉድለት ሲቆጥሩት፣ ከታች ለተወለድን ሰዎች ነገሩ ሌላ መልክ እንዳለው መናገር ግዴታዬ ነው። እኔ የአውሳ ልጅ ነኝ።

ለአፋር አርብቶ አደር ወንዙ ከነዳርቻው አንድ ነገር ነው። ከርማ ከምንለው የክረምት ዝናብ በኋላ ጎርፉ ሜዳውን አጥለቅልቆ ሲመለስ ሣር ይበቅላል፤ ከብቱ በዝናብ ጊዜ ራቅ ብሎ ይግጥና ሐጋይ ሲመጣ፣ ማለትም በግንቦትና በሰኔ ሙቀት፣ ወደዚያ ሣር ይመለሳል። እርስዎ የዓመቱ ክፉ ቀናት ያሏቸው ሳምንታት መንጋችን በሕይወት የሚያልፍባቸው ሳምንታት ናቸው። ረግረጉ ያተነው ውሃ ሣር ሆኖ፣ ሣሩ ወተት ሆኖ ያልፍ ነበር። አያቴ የጎርፉን መምጣት ከውሃው በፊት ያውቅ ነበር፤ ደጋ ላይ ዝናብ መጣሉን፣ ሚሌ መሙላቱን መንገደኛ በዳጉ፣ ማለትም በአፋር የቃል ወሬ መለዋወጫ ባሕል፣ ያደርስለታልና፣ ግመሎቹን ወደ ከፍታው ያስወጣና ውሃው የሚተኛበትን ሜዳ ለሣሩ ይተውለታል። ጎርፍ ለእናንተ ሰብል ጥፋት ነው፤ ለእኛ ሜዳ ግን ዘር ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነው በታሪክ የሚታወቅ ነው። እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ የሆላንድ ኩባንያ ወንጂ ላይ አገዳ ተከለ፤ በ1960ዎቹ መተሐራ ቀጠለ፤ ዱብቲ ላይ ደግሞ የእንግሊዝ ኩባንያ የያዘው የተንዳሆ ጥጥ እርሻ ተስፋፋ። ሡልጣን አሊሚራህም በአውሳ የራሱን ሕዝብ ጥጥ እንዲያለማ አበረታቶ ነበርና፣ አፋር እርሻን ፈጽሞ አልፈለገም የሚለው አባባል ትክክል አይደለም። ጉዳዩ የተወሰደው መሬት የትኛው ነው የሚለው ነው። ለመስኖ የሚመቸው መሬት ውሃ የሚደርሰው መሬት ነው፤ የሐጋይ ሣር የሚበቅለውም እዚያው ነው። በካርታ ላይ ከሰፊው በረሃ ጋር ሲታይ ጥቂት ይመስላል፤ ያ ጥቂት ግን የቀረውን ሰፊ መሬት ለመንጋ የሚያስኖር ቁልፍ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ በመጣው ድርቅ አፋር ያን ያህል የተጎዳው ዝናቡ ስለቀረ ብቻ አይደለም፤ ዝናብ ሲቀር የሚሸሽበት የወንዝ ዳር ቀድሞ ታርሶ ስለቆየውም ነው።

ዛሬ ከዱብቲ በላይ የተንዳሆ ግድብ አለ፤ እሱም ከቆቃ የመጀመሪያ መጠን ጋር የሚተካከል፣ 1.86 ቢሊዮን ሜትር ኩብ ገደማ ውሃ እንዲይዝ የተሠራ ነው። ለ50,000 ሄክታር አገዳ ታስቦ እንደነበር ሁላችንም እናስታውሳለን። ከግድቡ በታች ያለው ሜዳ አሁን ውሃ የሚያገኘው በሩ ሲከፈት ነው፤ ሳይታሰብ በብዛት ሲከፈት ደግሞ ቤት ይወስዳል። በ2012 ዓ.ም. ነሐሴ የአዋሽ ጎርፍ በክልላችን በብዙ ሺህ የሚቆጠሩ ሰዎችን ከቤታቸው አፈናቅሏል። ጎርፉ በቀረባቸው ሜዳዎች ላይ ደግሞ ፕሮሶፒስ ገብቷል። ይህ እሾሃማ ዛፍ ለጥላና ለአፈር ጥበቃ ተብሎ የመጣ ነበር፤ አሁን ከብት ወደ ውሃው የሚወርድበትን መንገድ ሁሉ ዘግቶ፣ ሥሩ ከጥልቅ ውሃ እየሳበ ሣሩን አጥፍቶታል።

አቤ ሐይቅም ከቀድሞ ዳርቻው በብዙ ሸሽቷል። በሐይቁ ዙሪያ የቆሙት የኖራ ድንጋይ ዓምዶች በውሃ ውስጥ የተሠሩ ናቸው፤ ዛሬ በደረቅ መሬት ላይ ቆመው ይታያሉ። እንዲህ የሆነው በእኛ ዘመን ብቻ ነው አልልም፤ ከወንዙ የሚደርሰው እየቀነሰ መምጣቱ ግን ሐይቁን እያሳነሰው ነው። ወንድሜ፣ «በሰኔ የሚጠፋው ውሃ ወዴት ይሄዳል?» ብለሃል። አንተ ሳታገኘው የቀረው ውሃ ከበላይህ ባለው ማሳ ላይ ነው፤ አንተ ያገኘኸው ደግሞ ወደ እኛ ይመጣ የነበረው ነው። ይህን የምለው ልከስህ አይደለም፤ አንተም እንደ እኛ የበታች መሆንህን ስላየሁ ነው።

ሦስተኛ ምላሽ፦ በአሚባራ የሠራ የአፈር ባለሙያ

ከሁለቱ ምላሾች የቀረው ጨው ነው። ጠያቂው መሬቱ ለም መሆኑን ጽፏልና፣ ለምነቱ እንዲቆይ ከፈለገ ይህን ማወቅ አለበት።

የወንዝ ውሃ ሁሉ ጥቂት ጨው ይዞ ይመጣል። በአንድ ሊትር ግማሽ ግራም ብቻ አለው እንበልና፣ በአንድ ሄክታር ላይ በዓመት 10,000 ሜትር ኩብ ብታጠጣ መሬቱ ላይ የምታፈሰው ጨው 5,000 ኪሎ፣ ማለትም 50 ኩንታል ይሆናል። ውሃው ይተናል፣ ተክሉም ይጠጣዋል፤ ጨው ግን አይተንም፣ ተክሉም ከጥቂቱ በቀር አይወስደውም። ደጋ ላይ ክረምቱ አጥቦ ያወርደዋል። በእናንተ ዝናብ የሚታጠብ አይደለም።

ታጥቦ የሚሄድበት መንገድ፣ ማለትም ማንጣፈፊያ ቦይ፣ ከሌለ ደግሞ ሌላ ነገር ይከተላል። ትርፍ የመስኖ ውሃ ወደ ታች እየሰረገ የከርሰ ምድሩን ውሃ ያነሣዋል። በመልካ ሰዲና በአካባቢው መስኖው ሲጀመር ብዙ ሜትር ወደ ታች የነበረው የከርሰ ምድር ውሃ በጥቂት ዓሥርት ዓመታት ውስጥ ወደ ተክል ሥር ደርሷል። እዚያ ከደረሰ በኋላ አፈሩ እንደ ኩራዝ ክር ውሃውን ወደ ላይ ይስበዋል፤ ፀሐዩ ያተነዋል፤ ጨውም ላዩ ላይ ይቀራል። ማለዳ በባዶ እግር ስትረግጠው እንደ ቅርፊት የሚሰበር፣ ከሥሩ ግን እርጥብና ለስላሳ የሆነ ነጭ መሬት የምታየው ለዚህ ነው። ቀድሞ ሙዝና ጥጥ ያፈሩ ሰፋፊ ማሳዎች በዚህ ምክንያት ተትተዋል። የወረር ግብርና ምርምር ማዕከል ጨው የሚችሉ የመኖ ሣሮችንና ሰብሎችን በእነዚህ መሬቶች ላይ ሲሞክር የቆየው መሬቱን መልሶ ለማግኘት ነው።

ጎርፍ ያገኘው ማሳህ፣ ባለፈው ዓመት ጥጡን ቢያጠፋብህም፣ ጨውን በተወሰነ ደረጃ አጥቦልህ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ዘንድሮ ከመዝራትህ በፊት ከላይኛው 30 ሴንቲ ሜትርና ከ60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት አፈር ወስደህ አስመርምር። ጉድጓድም ቆፍር፤ ከሁለት ሜትር በላይ ሳትወርድ ውሃ ካገኘህ ማንጣፈፊያ ሳትሠራ ውሃ መጨመር መሬቱን መግደል ነው።

አራተኛ ምላሽ፦ ከመተሐራ

ስለ ጨው ከተነሣ የበሰቃን ሐይቅ ሳያነሡ ማለፍ አይገባም። መንገደኛ ሁሉ በመኪና መስኮት የሚያየው ይህ ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ 3 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ብቻ ነበር፤ አሁን ከ40 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሆኖ የግጦሽና የእርሻ መሬት ውጧል፣ መንገዱንና የድሮውን የባቡር ሐዲድ ከፍ አድርጎ መሥራት አስፈልጓል። አንዳንዶች ከአካባቢው መስኖ የሚሰርገውን፣ ሌሎች ደግሞ ከምድር ውስጥ የሚወጣውን የፍል ውሃ መጨመር ምክንያት ያደርጋሉ፤ ሁለቱም ድርሻ ያላቸው ይመስለኛል። ውሃው ጨዋማና ሶዳ የበዛበት ነው። ከተማውን እንዳይውጥ በቦይ ወደ አዋሽ እንዲቀላቀል ይደረጋል። ወንዙ በክረምት ሲሞላ ጉዳቱ አይታይም፤ በሰኔ ወንዙ ሲያንስ ግን ያው መጠን ያለው የበሰቃ ውሃ ከታች ላሉት እርሻዎች የሚደርሰውን ውሃ ጨዋማነት ከፍ ያደርገዋል። እኛ የምንጠጣውም ከዚሁ ወንዝ ነው። አዳማም እንዲሁ። ከላይ ደግሞ አቃቂና ሞጆ የከተማና የፋብሪካ ፍሳሽ ይዘው ቆቃ ይገባሉ። የመጠጥ ውሃ ከመስኖ ጋር በአንድ ጥያቄ ውስጥ መቆጠር አለበት እላለሁ።

የጠያቂው መልስ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ከአሳይታ የጻፉልን ወንድማችን ያሉት ነገር ለረጅም ጊዜ በልቤ ይቀራል፤ መሬቱን ያከራዩን የጎሣ ሽማግሌም በአንድ ወቅት «ይህ ሜዳ የጥጥ አልነበረም» ብለውኝ ነበር፤ ያኔ ትርጉሙ አልገባኝም።

ከወንድሞቼ ጋር ጥጡን ትተን በመስከረም ሽንኩርት ብንተክል እያልን እየተመካከርን ነው። ሽንኩርት በጥርና በየካቲት ስለሚነሣ ከሰኔው ጥማትም ከነሐሴው ጎርፍም እናመልጣለን ብለን ነው። ይህን እንዴት ታዩታላችሁ? ስለ ተራውስ በሕግ የምንይዘው ነገር አለ?

ሦስተኛው መላሽ

ጊዜውን ያሰባችሁት በትክክል ነው። ነገር ግን ሽንኩርት ከጨው ጋር አይስማማም። የአፈሩ ጨዋማነት 1.2 ዴሲሲመንስ በሜትር (የጨዋማነት መለኪያ ነው) ሲያልፍ ምርቱ መቀነስ ይጀምራል፤ ጥጥ ግን እስከ 7.7 ድረስ ይችላል። የአፈር ምርመራው ውጤት ሳይመጣ ዘር አትግዙ። የማሳው አንድ ወገን ንጹሕ፣ ሌላው ጨዋማ ሆኖ ከተገኘ ሽንኩርቱን በንጹሑ፣ ጥጡን በጨዋማው አድርጉት።

የመጀመሪያው መላሽ

በመጀመሪያ ለአሳይታው ወንድሜ። ረግረጉን በትነት ስቆጥረው የሣሩን ድርሻ ሳልጠቅስ ማለፌ ስሕተት ነው። እኛ የለካነው በሰሌዳው ፊት የሚያልፈውን ብቻ ነበር፤ ሜዳው ላይ የተኛውን በመዝገባችን «ኪሳራ» በሚል ዓምድ እንጽፈው ነበር። ቃሉ ትክክል አልነበረም።

ለጠያቂው፣ ስለ ሕጉ። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197 የሀገሪቱን ውሃ ሁሉ የሕዝብና የመንግሥት የጋራ ሀብት ያደርገዋል፤ ለቤት ውስጥ አገልግሎት የሚውል ውሃም ከሌላው ሁሉ ይቀድማል ይላል። ከባሕላዊ መስኖና ከመሳሰሉት ጥቂት አጠቃቀሞች በቀር ውሃ ለመጠቀም ፈቃድ ያስፈልጋል። ስለዚህ ከላያችሁ ያለው እርሻም በፈቃዱ ላይ ከተጻፈው በላይ መሳብ አይችልም፤ እናንተም በሞተር እስከሳባችሁ ድረስ ፈቃድ ሊኖራችሁ ይገባል። ያለ ፈቃድ የሚስብ ሰው ስለ ተራ ሲከራከር የሚሰማው የለም፤ ፈቃዱን ቀድማችሁ አውጡ። በአዋሽ ላይ ለመስኖ ውሃ ለረጅም ጊዜ የሚከፈለው በ1,000 ሜትር ኩብ 3 ብር ነበር። በዚህ ዋጋ አንድ እርሻ ውሃ ለመቆጠብ ቦዩን በሲሚንቶ የሚያስለብስበት ምክንያት አይኖረውም። ትርፍ ማጠጣቱና መሬቱ ጨው ማውጣቱም ከዚህ ጋር ይያያዛል ብዬ አምናለሁ።

የተራውን ነገር ግን ወረቀት ብቻውን አይፈታውም። በደጋው መስኖ ውሃ አባት የሚባል፣ ሁሉም የሚሰማው ሰው ይመረጣል፤ ቦዩን ከላይ እስከ ታች በእግሩ እየሄደ ማን ስንት ሰዓት እንደከፈተ ያያል። በእናንተ ዳር በሞተር የምትስቡ አነስተኛ አልሚዎች ስንት ናችሁ? አሥር ብትሆኑ እንኳ በአንድ ማኅበር ሆናችሁ፣ መሬቱን ካከራዩዋችሁ የጎሣ ሽማግሌዎች ጋር አንድ ሰው ምረጡ። ትልቁ እርሻም ከሦስት ሰው ወንድማማች ይልቅ ከማኅበርና ከሽማግሌ ጋር መነጋገር ይቀለዋል። የምትጠይቁት ብዙ መሆን የለበትም፤ በሰኔ ውስጥ በሳምንት ሁለት ሌሊት ቦዩን ዝቅ አድርጎ እንዲያሳልፍላችሁ ነው። ሌሊት ትነቱም ያንሳል።

ከዚህ ሌላ በየቀኑ ጻፉ። ቀጥ ያለ የብረት ቱቦ ጎርፍ በማይነቅለው ቦታ፣ ድልድይ ካለ በድልድዩ ምሰሶ አጠገብ፣ ተክላችሁ በየአሥር ሴንቲ ሜትሩ በቀለም ምልክት አድርጉበት፤ ጠዋት 12 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ከፍታውን በደብተር መዝግቡ፤ ከላይ ያለው እርሻ የከፈተበትን ቀንም በጎኑ ጻፉ። ከግንቦት 15 እስከ ሐምሌ 15 ያለው የሁለት ወር መዝገብ በእጃችሁ ሲኖር፣ ወንዙ በራሱ የወረደበትን ቀንና በሰው እጅ የወረደበትን ቀን መለየት ትችላላችሁ፤ በራሱ ሲሆን በቀን ጥቂት ሴንቲ ሜትር እያለ ቀስ ብሎ ይወርዳል፤ በር ሲከፈት ግን በአንድ ሌሊት ጉልህ ሆኖ ይሰበራል። ደብተሩን ይዛችሁ ስትመጡ እኔም አብሬአችሁ አነበዋለሁ።